መቀናጆ

አንድ በሬ አለኝ፣ ቦራ የሚሉት፣
ጓዱን አምና ክረምት፣ ገደል የበላበት።
አንድ በሬ ደግሞ፣ ሸክም ነው በጋጣ፤
ይበላል ያገሣል፣ ለእርሻ ሳይወጣ።
ሙሄ እንድሪስም፣ ከቁልቁለቱ ማዶ፣
አንድ ዳለቻ አለው፣ ጓዱን ለዕዳ ሰዶ።

የካቲት ሲጠባ፣ በኩታበር ገበያ፣
ስንነጋገር ዋልን፣ ተደግፈን አህያ።
«ሁለት ቀን ላንቺ ማሳ፣ ሁለት ቀን ለማሳዬ፤
ድርቆሹ የጋራ፣ አራሹ እኔው እህትዬ።»

ወንድሜ ዋሴ ግን፣ ነገሩን ሰማና፣
ከቅዳሴ መልስ፣ ደጄ ላይ ቆመና፣
«ከማያምን ጋራ፣ አትጠመዱ ይላል፤
በሬ ካህያ ጋር፣ ባንድ ቀንበር ያርሳል?»
አለኝ። የራሱን ሁለት በሬ አላነሳም።

ማታ በኩራዝ፣ ልጄን ደጊቱን ጠራኋት፤
እኔ ፊደል የለኝ፣ «አንብቢልኝ» አልኋት።
ገለጠች፣ ፈለገች፣ አገኘችው።
ዋሴ አልዋሸም።
ቢዋሽ እንዴት በወደድሁ።
ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ፦
ሁለት ሲሆኑ፣ የወደቀውን የቆመው ያነሣል፤
ሦስት ሆኖ የተገመደ ግን፣ በቀላሉ አይላላም።
«ሁለቱስ አንቺና ጋሽ ሙሄ ናችሁ፤
ሦስተኛው ክር ማነው?» አለችኝ።
መልሱን እያወቅሁት፣ ኩራዙን አጠፋሁ።

የበልግ ዳመና፣ መጣ ተመለሰ፣
አንድ ሌሊት ጥሎ፣ መሬቱን አራሰ።
ይህ እርጥበት ለሁለት ቀን ነው፣ ቢበዛ ለሦስት።
የማን ማሳ ይቅደም?
«አንቺ» አለ። «አንተ» አልሁ።
ያለው አፌ ነው።
ሁለት ጠጠር ለቀመ፣ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር፣
ቆቡን አውልቆ ጨመረ፤ «እጅሽን ስደጂ።»
ዕጣውን ሰው ይጥላል፣ ፍርዱ ግን ከጌታ፣
ብዬ የምመክር ሴት፣ ጎረቤት ጧት ማታ፣
እጄ ጥቁሩን አወጣ። የሙሄን።

ሁለት ቀን ሙሉ፣ ቦራ የሰው መሬት አረሰ።
ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከዳር ቆሜ አየሁ፤
ሰኮናው ላይ ያለው ጭቃ፣ ወደ አቧራ ሲመለስ።

በሦስተኛው ቀን ወደኔ ሲዞሩ፣
አፈሩ አመድ ነበር፣ ጓሉ ድንጋይ፣
ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን።
«ተወው» አልሁት፤ «ዘሩን ወፍ ከሚለቅመው፣
ፈጭቼ ለልጄ ላብላት።»
ሙሄ አልመለሰልኝም።
ዳለቻ ረዥም ነው፣ ቦራ አጭር፤
ከጋቢው ጫፍ ቀደደና፣
ቀንበሩ እንዳይልጠው፣ ከቦራ አንገት ላይ ወተፈለት።
«አብሽሪ» አለኝ ኋላ፤
«ዳመና ሲቆጥር የዋለ አይዘራም፤ ያባቴ ቃል ነው።»
ያባትህስ አይደለም ልለው፣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።
ደጊቱ ካነበበችልኝ ውስጥ ነበረ፣ እዚያው መጽሐፍ ላይ።

«ቢስሚላህ» ብሎ እርፉን ጨበጠ።
ገብሱን ከቁና አፈስሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ስበትን ወፎቹን አያለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣
የማጣውን ፍሬ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።
ያን ጊዜ ገባኝ።
በዚያች ጧት፣ በዚያ ማሳ፣
ከማያምን ጋራ፣ የተጠመደ ሰው፣
እኔ አልነበርሁም፤
ሙሄ ነው።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው።
የሙሄ ገብስ ጥፍር አህሏል፤
የኔ ካቧራ ሥር ነው፣ መኖር አለመኖሩን አላውቅ።
ትናንት መጥቶ፣ «አውድማ ሲደርስ ባንድ ቁና እንሰፍራለን» አለኝ፤
እሺም እንቢም ሳልል፣ ውሃ ሰጠሁት።
ዋሴ ሲያልፍ ማሳዬን ያያል፤
እኔ ዋሴን አያለሁ።
ቦራና ዳለቻ፣ ቀንበሩ ወርዶላቸው፣
ካንድ ዛፍ ሥር ቆመው፣ አንገት ይላላሳሉ።

በጦሳ አናት በኩል፣ መዳፍ የምታህል ነገር ወጥታለች።
ጉም ትሁን፣ ጢስ ትሁን፣
አልቆጥራትም።
ጎተራዬ ተሰንጥቋል፤
ልግባ፣ ጭቃ ላቡካ።